የማዕድ ቤት ካቢኔት ስናሠራ፦ ከፊቱ በፊት ሆዱን እንይ



በከተሞቻችን አዲስ ቤት የሚገባ ቤተሰብ፣ በተለይም የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣለት፣ ብዙውን ጊዜ የሚረከበው ማጠናቀቂያ ያልተሠራለት ቤት ነው። ወለሉን፣ ቀለሙንና ማዕድ ቤቱን የሚጨርሰው ራሱ ነው። ከእነዚህ ሥራዎች መካከል ብዙ ገንዘብ የሚወስደው፣ ብዙ ጭቅጭቅም የሚያስነሣው በተለምዶ «ኪችን ካቢኔት» የምንለው ነው። ለዓመታት በዕቁብ የተጠራቀመ ገንዘብ ለአናጢ ይከፈልና፣ ክረምት ሲገባ በሩ አልዘጋም ይላል፤ ከላቫንዲኖው ሥር ያለው ሰሌዳ እንደ ሊጥ ያብጣል፤ መሳቢያው ከነማንኪያው ይወድቃል። ባልና ሚስት ይወቃቀሳሉ፤ ከአናጢውም ጋር ነገሩ ወደ ሽማግሌ ይሄዳል።

የዚህ ሁሉ ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ካቢኔትን የምንመርጠው በፊቱ ነው፤ የሚያረጀው ግን በሆዱ ነው። የበሩን ቀለምና የእጀታውን ማማር እናያለን እንጂ ሣጥኑ ከምን እንደተሠራ፣ ጠርዙ መሸፈኑን፣ ማጠፊያው ስንት ብሎን እንዳለው አንጠይቅም። ስለዚህ በዚህ ወር አምዳችን ካቢኔት ስናሠራ ገንዘባችን የት የት መዋል እንዳለበት፣ ምንን በምን ቅደም ተከተል ማየት እንደሚገባን እንነጋገራለን።

የመጀመሪያው ልኬት ከማን ይወሰድ?

ብዙ ጊዜ ካቢኔት የሚያሠራው አባወራው ነው። ሱቅ ውስጥ የቆመውን ያያል፣ ዋጋ ይነጋገራል፣ ቀብድ ይከፍላል። በካቢኔቱ ፊት በየቀኑ ለሰዓታት ቆማ የምትሠራው ግን አብዛኛውን ጊዜ እናት ናት። ስለዚህ የመጀመሪያው ልኬት የሚወሰደው ከግድግዳው ሳይሆን ከእርሷ ክርን ነው። ቀጥ ብላ ቆማ ክርኗን ትጠፍ፤ ከመሬት እስከ ክርኗ ተለክቶ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ሲቀነስለት ለመክተፍና ለማቡካት የሚመች የመሥሪያ ከፍታ ይገኛል። ይህ ለብዙ ሰው ከ85 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ቁመቷ አጠር ላለ እናት 90 ሳንቲ ሜትር ትከሻ ያሳምማል፤ ረዘም ላለችው ደግሞ 85 ወገብ ያጎብጣል። አምስት ሳንቲ ሜትር ትንሽ ይመስላል እንጂ በሃያ ዓመት ውስጥ ትልቅ ነገር ነው።

የታችኛው ካቢኔት ጥልቀት ብዙውን ጊዜ 60፣ የላይኛው ከ30 እስከ 35 ሳንቲ ሜትር ነው። በሁለቱ መካከል ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይተዋል። ከታችኛው ካቢኔት ሥር ደግሞ ለእግር ጣት የሚሆን፣ ቁመቱ 10፣ ጥልቀቱ 7 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ክፍተት ሊኖር ይገባል። እርሱ ከሌለ የሚሠራው ሰው ወደ ፊት መቅረብ ስለማይችል ጎንበስ ብሎ ይሠራል፤ የወገብ ሕመሙም ከዚያ ይጀምራል።

ቀጥሎ ዕቃችን ይቈጠር። በውጭ አገር መጽሔት ላይ የምናየው ማዕድ ቤት ለእኛ ምጣድ የታሰበ አይደለም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከነክዳኑ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ ሲጋገርም እንፋሎቱ ሽቅብ ይወጣል። ከበላዩ ካቢኔት ካለ እንፋሎቱ በየጊዜው የካቢኔቱን ወለል እየመታ ቅቡን ያስነሣዋል፣ ሰሌዳውንም ያሳብጠዋል። ስለዚህ ምጣዱ የሚቀመጥበት ቦታ አስቀድሞ ተለክቶ፣ በመስኮት አጠገብ ወይም ከበላዩ ካቢኔት በሌለበት በኩል ይሁን። ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ኃይል ስለሚስብ፣ ካቢኔቱ ግድግዳውን ከመሸፈኑ በፊት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ለብቻው መስመር ይዘርጋለት።

ለዒድ፣ ለወሊማና ለሰደቃ የሚወጡት ትልልቅ ድስቶችም መደርደሪያ የሌለው አንድ ሰፊ ክፍል ይፈልጋሉ። የጤፍ ዱቄት፣ የበርበሬ ዕቃና የዘይት ጀሪካን ከባድ ናቸውና ከታች ይቀመጡ። ረከቦቱና ስኒው በየቀኑ ስለሚነሡ በዓይን ከፍታ ይሁኑ። ይህ ዝርዝር በወረቀት ላይ ሰፍሮ ለአናጢው ከተሰጠ ግማሹ ሥራ ተጠናቀቀ ማለት ነው።

ሆዱ ከምን ይሠራ?

የካቢኔት ሣጥን የሚሠራባቸው በገበያችን የተለመዱት አራት ናቸው፦ ጣውላ፣ ኮምፔንሳቶ፣ ኤም ዲ ኤፍ እና ቺፑድ።

ኮምፔንሳቶ ስስ የእንጨት ልጣጮች በኮላ ተደራርበው፣ አንዱ በአንዱ ላይ በመስቀለኛ ተጋድመው የተጫኑበት ነው። መስቀለኛነቱ እንዳይጣመም ያደርገዋል፤ ብሎንንም አጥብቆ ይይዛል። ኤም ዲ ኤፍ እንጨቱ ወደ ጭረት ተፈጭቶ ከማጣበቂያ ጋር በሙቀትና በጫና የሚሠራ ነው። ፊቱ ለስላሳ ስለሆነ ለቀለም ይመቻል፤ ነገር ግን ከባድ ነው፣ ውኃ ከጠጣም ያብጣል፤ አንዴ ካበጠ ወደ ቦታው አይመለስም። ቺፑድ ከእንጨት ቅንጥብጣቢ የተጫነ ሆኖ ከሁሉም የሚረክሰው ነው። ፊቱ በሜላሚን ሲሸፈን ያምራል፤ ብሎን ሁለት ሦስት ጊዜ ከተነቀለና ከተመለሰበት ግን ቀዳዳው ይፈረፈራል።

ይህ ማለት ቺፑድና ኤም ዲ ኤፍ አይረቡም ማለት አይደለም። ደረቅ ቦታ ላይ፣ በደንብ ተሠርተው፣ ብዙ ዓመት ያገለግላሉ። አቅሙ መጠነኛ የሆነ ቤተሰብ የላይኛውን ካቢኔት በእነርሱ አሠርቶ፣ ኮምፔንሳቶውን ለላቫንዲኖው ሥርና ለታችኛው ክፍል ቢያደርገው ገንዘቡን በቦታው አዋለ ይባላል። በተለይ እኛ አገር ወለል በውኃ የማጠብ ልማድ አለ። መሬት ላይ በቀጥታ የተቀመጠ ሣጥን ከሥሩ ውኃ ይጠጣል። ስለዚህ ሣጥኑ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ በሚያደርገው የፕላስቲክ እግር ላይ ይቁም፤ ፊት ለፊቱን የሚሸፍነው ሰሌዳም ለጽዳት የሚነቀል ይሁን።

ሰሌዳውን ስንመርጥ የሚከተሉትን እንይ።

1ኛ/ ውፍረት። ለሣጥኑ ግድግዳና ለመደርደሪያው 18 ሚሊ ሜትር ይጠየቅ። የቺፑድ መደርደሪያ ያለ ድጋፍ ከ60 ወይም 70 ሳንቲ ሜትር በላይ ከረዘመ፣ የሸክላና የብረት ዕቃ ሲጫንበት ይጎብጣል።

2ኛ/ ጠርዝ። ውኃ የሚገባው በተሸፈነው ፊት ሳይሆን በተቆረጠው ጠርዝ በኩል ነው። የሚታየው ጠርዝ ብቻ ሳይሆን አራቱም ጠርዝ ይሸፈን። ለላቫንዲኖው የተቆረጠው ቀዳዳ ዙሪያ ደግሞ በሲሊኮን ይታሸግ።

3ኛ/ ጀርባ። የካቢኔት ጀርባ በስስ ሰሌዳ በሚስማር ብቻ ከተመታ ሣጥኑ ይወላገዳል። ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ኖሮት በተቦረቦረ መስመር ውስጥ ቢገባ ሣጥኑን አራት ማዕዘን አድርጎ ይይዘዋል።

4ኛ/ ሽታ። እነዚህ ሰሌዳዎች የሚጣበቁበት ኮላ ብዙውን ጊዜ ፎርማልዴሃይድ የሚባል ኬሚካል አለው። ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2004 እ.ኤ.አ. ሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች ጋር መድቦታል። የአውሮፓን መለኪያ ተከትለው የሚመጡ ሰሌዳዎች «ኢ1» የሚል ምልክት አላቸው፤ ይህም የሚወጣው ጋዝ ዝቅተኛ እንዲሆን ገደብ የተደረገበት ማለት ነው። ሻጩን እንጠይቅ። ካቢኔቱ ከተገጠመ በኋላም መስኮትና በሩን ከፍተን ለብዙ ቀናት እናናፍሰው። ነፍሰ ጡር ወይም ሕፃን ያለበት ቤት ሰሌዳው በቤት ውስጥ እንዳይቆረጥ፣ ብናኙም እንዳይነሣ ይጠንቀቅ።

ሰሌዳውን ለመፈተን የሚያስቸግር ነገር የለም። ከአናጢው የመዳፍ ያህል ቁራጭ ለምኑና ውፍረቱን ለኩ፤ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ አሳድሩት፤ ጠዋት መልሳችሁ ለኩት። ሁለት ዓይነት ቁራጭ ጎን ለጎን ከተፈተነ፣ የትኛው ከላቫንዲኖ ሥር እንደሚገባ ማንም ሳይነግራችሁ ታውቁታላችሁ።

እውነተኛ እንጨት ለሚወዱ

ለበሩ ጣውላ የሚመርጡ ብዙ ናቸው፤ ደግሞም ያምራል። ዋንዛ ቀላ ያለ ቡናማ መልክ አለው፤ ለአናጢ ይታዘዛል። ጥድ መልካም ሽታ አለው፤ ምስጥም አይደፍረውም። ዝግባ ገጣ ያለና ለስላሳ ነው። ወይራ ጠንካራና ከባድ ስለሆነ ለእጀታ ያገለግላል። ነገር ግን እነዚህ አገር በቀል ዛፎች እያለቁ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። አዋጁ ቆይቶ በሌሎች ቢተካም የዛፎቹ መመናመን አልቀረም። ስለዚህ ስንገዛ ፈቃድ ካለው ሻጭ በደረሰኝ እንግዛ፤ ከየት እንደመጣ የማይነገርለትን ጣውላ እንተው። በገበሬ ማሳና በቡና ጥላነት የሚተከለው ግራቪሊያ መልኩ ነጠብጣብ ያለው የሚያምር እንጨት ነው። ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ በርና ወለል ደግሞ ሚስማሩ ተነቅሎ ከተላገ፣ ለዓመታት የደረቀ እንጨት ስለሆነ ብዙ አዲስ ጣውላ አይተካከለውም።

ዋናው ቁም ነገር ድርቀቱ ነው። እንጨት ክረምት እርጥበት ጠጥቶ ይሰፋል፤ በጋ ደርቆ ይጠባል። ይህም የሚሆነው በርዝመቱ ሳይሆን በአብዛኛው በወርዱ ነው። ከእርጥበታማ አካባቢ ተቆርጦ በቶሎ አዲስ አበባ የደረሰ ጣውላ በር ሆኖ ከተሰቀለ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ይሰነጠቃል ወይም ይጣመማል። ለቤት ዕቃ የሚሆን እንጨት የውኃ መጠኑ ከ8 እስከ 12 በመቶ ቢሆን ይመረጣል። መለኪያ መሣሪያው ከሌለ፣ አንድ ቁራጭ በሱቅ ሚዛን ይመዘንና ሁለት ሳምንት ቤት ውስጥ ይቀመጥ፤ እንደገና ሲመዘን ክብደቱ በግልጽ ከቀነሰ እንጨቱ ገና ነው፣ ይቆይ።

ብልህ አናጢ የእንጨትን መስፋትና መጥበብ አውቆ ነው በር የሚሠራው። ዙሪያውን ማዕቀፍ ሠርቶ፣ የመካከሉን ገበታ በተቦረቦረው መስመር ውስጥ ያለ ኮላ ልቅ አድርጎ ያስገባዋል። ገበታው ሲሰፋም ሲጠብም ቦታ ስላለው አይሰነጠቅም። ገበታውን በኮላና በሚስማር የሚያስረው ግን እንጨቱን ታግሎ ነው፤ በዚህ ትግል ደግሞ የሚያሸንፈው እንጨቱ ነው።

ማጠፊያ፣ ሐዲድና እጀታ

ካቢኔት እንደ መኪና ነው፤ ቶሎ የሚበላሸው የሚንቀሳቀሰው ክፍሉ ነው። ዛሬ የተለመደው ማጠፊያ በበሩ ውስጠኛ ፊት በ35 ሚሊ ሜትር ክብ ጉድጓድ ውስጥ የሚቀበረው ነው። ጥቅሙ በብሎኖቹ አማካይነት በሩን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ማስተካከል መቻሉ ነው። ከጊዜ በኋላ በሩ ዘመም ሲል አናጢ መጥራት አያስፈልግም፤ ከልጆቹ አንዱ በካቻቪቴ ያስተካክለዋል። ቁመቱ እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ለሆነ በር ሁለት ማጠፊያ፣ እስከ 160 ለሚደርስ ሦስት፣ እስከ 200 ለሚደርስ አራት ይደረግለት። እነዚህን ቍጥሮች በመቀነስ የሚገኘው ቁጠባ ጥቂት ብር ነው፤ የሚያስከትለው ግን የበር መውደቅ ነው።

የመሳቢያ ሐዲድ ሁለት ዓይነት ነው። በትንሽ የፕላስቲክ ጎማ የሚሄደው ርካሽ ሲሆን፣ መሳቢያውን እስከ መጨረሻው አያስወጣውም። በብረት ኳስ የሚንሸራተተው ሙሉ በሙሉ ይወጣል፤ ክብደትም ይችላል፤ ለዚህ በእያንዳንዱ ጎን 13 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይፈልጋል። ስለዚህ የሐዲዱ ዓይነት መወሰን ያለበት መሳቢያው ከመሠራቱ በፊት ነው። ለማንኪያና ለሹካ የጎማው ሊበቃ ይችላል። ድስትና ዱቄት ለሚጫንበት ግን የኳሱ ይሁን፤ የሚሸከመውም የኪሎ መጠን በማሸጊያው ላይ ይነበብ። ማጠፊያውም ሐዲዱም በሚስማር ሳይሆን በብሎን፣ ቀዳዳው ቀድሞ ተበስቶ ይሰር።

እጀታ የመጨረሻው ምርጫ ነው፤ እኛ ግን ብዙ ጊዜ የመጀመሪያ እናደርገዋለን። ወርቅማ የሚመስለው ሁሉ ነሐስ አይደለም። አብዛኛው ቀላል ብረት ላይ የተቀባ ነው፤ በእጅ ላብና በሳሙና ሲልስ ሽፋኑ ይነሣል። እጀታ ስንገዛ የሁለቱ ብሎኖች ርቀት 96 ወይም 128 ሚሊ ሜትር የሆነውን እንምረጥ። የተለመደ ልክ ስለሆነ ቢሰበር ተተኪ ይገኛል፤ በሩን እንደገና መብሳት አያስፈልግም። ጫፉ ወደ ውጭ የተቀሰረ እጀታ ደግሞ ሰፊ እጅጌና የጅልባብ ጠርዝ ይይዛል፤ ትኩስ ድስት የያዘችን እናት ይጎትታል። ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈውን መምረጥ ይሻላል።

ቅቡ

ቅብ እንጨትን ያስውባል፤ ዋና ሥራው ግን ውኃን፣ ዘይትንና እንፋሎትን መከላከል ነው። ከመቀባቱ በፊት እንጨቱ በብርጭቆ ወረቀት፣ ከሻካራው ወደ ለስላሳው፣ በ120፣ በ180 ከዚያም በ240 ቍጥር ይታሽ። ስንጥቅ በስቱኮ ይደፈን።

ኒትሮ ላከር የሚባለው ቶሎ ይደርቃል፣ ያንጸባርቃል፤ ነገር ግን ትኩስ ነገርና እንፋሎት ሲያገኘው ይነጣል። ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚረጨው ፖሊዩሪቴን ውኃና ሙቀት ይችላል፤ ለማዕድ ቤት የሚሻለውም እርሱ ነው። ሲረጭ ግን ጢሱ ለሳንባ ጎጂ ነውና ቤተሰብ በሚኖርበት ቤት ውስጥ አይረጭ፤ አናጢው በሱቁ፣ አፍንጫውን በተገቢው መከላከያ ሸፍኖ ይሥራው። የዘይት ቀለም ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ ነጩም ከጊዜ ጋር ይወይባል፤ ሆኖም ቤተሰቡ ራሱ እያደሰ ሊቀባው ይችላል። የተልባ ዘይት ለሚመርጡ ደግሞ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለን፦ በዘይቱ የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ እየሞቀ ሄዶ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ጨርቁ ተዘርግቶ ውጭ ይድረቅ፣ ወይም ውኃ ውስጥ ይነከር።

ቅብ ስንረከብ ፊቱን ብቻ አንይ። ጣታችንን በበሩ የታችኛውና የላይኛው ጠርዝ ላይ እናሳልፍ። ሻካራ ከሆነ አልተቀባም ማለት ነው፤ እርጥበት የሚገባውም በዚያ ነው። የበሩ ጀርባም እንደ ፊቱ ካልተቀባ፣ አንዱ ወገን እርጥበት እየጠጣ ሌላው ስለማይጠጣ በሩ ይጣመማል። ስለ ቀለሙም ጥቂት እንበል። ነጭ ያምራል፤ በርበሬና እርድ ግን አሻራቸውን ይተዉበታል። ጥቁር ዱቄትና አቧራ ያሳያል። ብዙ የተጠረበ ጌጥ ያለው በር በየጎድጓዳው የወጥ ቅባት ያጠራቅማል፤ የሚጠርገውም ሰው አለ። ጽዳቱ በለስላሳ ጨርቅና በቀላል የሳሙና ውኃ ይሁን፤ ወዲያውም በደረቅ ጨርቅ ይወልወል። በረኪናና ሽቦ ቅቡን ይገፉታል።

የልጆችንና የቤቱን ደኅንነት

የላይኛው ካቢኔት ሳህን ሲሞላ ከባድ ነው። የብዙ ቤቶቻችን ግድግዳ ደግሞ ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ነው። ተራ ፊሸር በብሎኬቱ ባዶ ሆድ ውስጥ ምንም ላይይዝ ይችላል። ለክፍት ብሎኬት የሚሆነው ዓይነት ይጠየቅ፤ ወይም ካቢኔቱ የሚንጠለጠልበት ረዥም ብረት ግድግዳው ላይ በብዙ ቦታ ይታሰር። ከምድጃ በላይ የሚሰቀል የእንጨት ካቢኔት ከምድጃው ቢያንስ 75 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። የጋዝ ሲሊንደር በካቢኔት ውስጥ የሚያስቀምጡ ቤተሰቦች በሩ ሥር የአየር መውጫ ያሠሩለት። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ካፈተለከ ወደ ታች ይተኛል፤ የታሸገ ሣጥን ውስጥ ከተጠራቀመ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። በረኪናና ሌላ መርዛማ ነገር ከላቫንዲኖው ሥር የማስቀመጥ ልማዳችንም ይቅር፤ ልጅ በማይደርስበት በላይኛው ክፍል፣ በሚቆለፍ በር ይሁን።

ከአናጢው ጋር የሚደረገው ውል

እስካሁን ያልነው ሁሉ በወረቀት ላይ ካልሰፈረ ከንቱ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 282 የዕዳ ውል በጽሑፍ እንዲሰፍር ማዘዙን ሁላችንም እናውቃለን። ይሁን እንጂ «እርሱ ወንድማችን ነው፣ ያሳፍራል» እያልን ሳንጽፍ እንቀራለን። ወንድምነቱን የሚያፈርሰው ግን አለመጻፉ ነው።

ሰሌዳውንም ሥራውንም አናጢው ካቀረበ ውሉ በፊቅህ «ኢስቲስናዕ» ይባላል፤ ዕቃ አሠርቶ የመግዛት ውል ማለት ነው። እንጨቱን እኛ ገዝተን አናጢው ጉልበቱንና ሙያውን ብቻ ካቀረበ ግን «ኢጃራ»፣ የሥራ ኪራይ ነው። ኢስቲስናዕ በሐነፊ መዝሀብ ራሱን የቻለ ውል ሲሆን፣ ሌሎቹ መዝሀቦች በአብዛኛው ከሰለም ውል ጋር አያይዘው ዋጋው አስቀድሞ እንዲከፈል ይጠይቃሉ። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ1992 እ.ኤ.አ. ጂዳ ላይ ባደረገው 7ኛ ጉባዔ፣ ኢስቲስናዕ ቅድመ ሁኔታዎቹ ከተሟሉ ሁለቱንም ወገን የሚያስር ውል መሆኑን ወስኗል። ቅድመ ሁኔታዎቹም የዕቃው ዓይነት፣ መጠኑና ጠባዩ እንዲሁም የማስረከቢያ ጊዜው ተለይቶ መታወቁ ነው። ዋጋው ተከፋፍሎ ሊከፈል ይችላል፤ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ካልሆነ በቀር ለመዘግየት መቀጫ መወሰንም ተፈቅዷል።

ስለዚህ «አንድ ኪችን ካቢኔት» ተብሎ የሚጻፍ ውል ውል አይደለም። የሰሌዳው ዓይነትና ውፍረት፣ የእያንዳንዱ ሣጥን ልክ፣ የማጠፊያው ብዛት፣ የሐዲዱ ዓይነት፣ የቅቡ ስምና ስንት ጊዜ እንደሚቀባ፣ የሚገጥመው ማን እንደሆነ፣ የሚረከብበት ቀንና ጉድለት ቢገኝ በስንት ጊዜ እንደሚጠገን ይጻፍ።

በቀብድ ጉዳይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1885፣ ተዋዋዮቹ በሌላ ሁኔታ ካልተስማሙ፣ ቀብድ የሰጠ ወገን ቀብዱን ትቶ ውሉን ሊያፈርስ እንደሚችል፣ የተቀበለውም እጥፉን መልሶ ሊያፈርስ እንደሚችል ይደነግጋል። በሸሪዓ በኩልም የቀብድ ሽያጭን የሐንበሊ መዝሀብ ሲፈቅደው፣ አብዛኞቹ ሊቃውንት አልፈቀዱትም። የምንከፍለው ገንዘብ የዋጋው አካል ከሆነ፣ በውሉ ላይ «ቅድሚያ ክፍያ» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። ክፍያውም በሦስት ቢከፈል መልካም ነው፦ ዕቃ መግዣ፣ ሣጥኑ ተሠርቶ ሲታይ፣ የመጨረሻው ደግሞ ተገጥሞ ሲፈተን።

መብት በአንድ በኩል ብቻ አይደለም። ነቢዩላህ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) አናጢ እንደነበሩ በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል፤ ሙያው የተከበረ ነው። ሥራው ከተጀመረ በኋላ በየሳምንቱ ሐሳብ እየለወጥን «ይህን አፍርሰው» የምንል ከሆነ፣ ተጨማሪውን ልንከፍል ይገባናል። ሥራው እንደ ውሉ ከተጠናቀቀም የመጨረሻውን ክፍያ ዛሬ ነገ እያልን ማመላለስ በደል ነው። ያም አናጢ ቤተሰብ አለው።

በመጨረሻ

ውድ አንባቢዎቻችን፤ በተለይም አዲስ ጎጆ የምትወጡ ወጣቶች፤ ገንዘባችሁ ውስን ከሆነ በዚህ ቅደም ተከተል አውጡት። መጀመሪያ ለሚረጥበው ቦታ ጥሩ ሰሌዳ፤ ቀጥሎ ለማጠፊያና ለሐዲድ፤ ከዚያ ለቅብ፤ በመጨረሻ ለእጀታና ለጌጥ። ካልበቃችሁ ሁሉን በአንድ ጊዜ ለመጨረስ አትበደሩ። የታችኛውን ካቢኔት በደንብ አሠርታችሁ የላይኛውን ለከርሞ ብታቆዩት ማንም አይጎዳም። እጀታ በማንኛውም ጊዜ ይለወጣል፤ ያበጠ ሣጥን ግን መላው ማፍረስ ነው።

እንግዳ የሚያየው የካቢኔቱን ፊት ነው። ቤተሰብ ግን የሚኖረው ከሆዱ ጋር ነው። በሩ ያለ ጩኸት ተከፍቶ ያለ ትግል ከተዘጋ፣ ሠሪውም አሠሪውም ተመሰጋግነው ከተለያዩ፣ ካቢኔቱ አምሯል።

አላህ ቤታችሁን የሰላምና የበረከት ቤት ያድርግላችሁ። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።